ከል የለበሰው ኩሬ

ጂያዶንግ፣ ፒንግቱንግ፣ ታይዋን
ዲሴምበር 26

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ላይ ቺው-ሊያን
ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል

በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ቤታችን ከል ለብሷል። ትናንት ጠዋት አባባ ወደ ኩሬው ወርዶ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሻዩ እፊቱ ቀዘቀዘ። ምን እንዳየ ለማየት እኔም ወረድኩ። አንድም ሳይቀር ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዝም ብለዋል። የሚያጽናናቸው የለም። የቀረውን ቆመው እንዳያነቡት፤ ቁጭ ይበሉ፣ ውሃም በአጠገብዎ ይኑር።

ገጹን ይገልብጡ።

ዓሦቹ ናቸው አክስቴ! የጠቆሩት ዓሦቹ ናቸው! አባባ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ውሻውም ደህና ነው። በእኛ መንደር ለቀስተኛ ነጭ ሻካራ ጨርቅ እንደሚለብስ ዓሣ ከየት ይወቀው? የመሰለውን ለበሰ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆትና ከሰሜኑ ነፋስ በስተቀር ደህና ነን። የኩሬው አድባር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ጆሮዎንም ይክፈትልን። ስልክ ቢሰማዎት ኖሮ እኔ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ጥሎ የወጣ ሰው እንዲህ እጄ እስኪደነዝዝ ባልጻፍኩ። በስልክ መስታወት ላይ የሚጻፍ ነገር ደግሞ «ይጠፋል» ብለው አያምኑትም። ይሁን።

እርስዎ ሲሄዱ ትተውልን የሄዱትን ዓይነት ዓሣ ካቆምን ቆይተናል። አሁን ያለው ድቅሉ ግሩፐር ነው፤ እናቱ ነብሬዋ ግሩፐር፣ አባቱ «ዘንዶ» የምንለው ግዙፉ። ሰው ሁሉ «ዘንዶ-ነብር» እያለ ያቆላምጠዋል፤ እርስዎ ብቻ «በቅሎ» ይሉታል። ጥሩ በቅሎ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ ይበላል፣ እንደ እኔ። ቆዳው ቡናማና ቢጫ ዝንጉርጉር ነበር። የሩዝ ድቡልቡል በምንበላበት በዓል ማግስት ግን የሰሜን ነፋስ ገባ፣ ውሃው በረደ፣ እነሱም እንዲህ ጠቆሩ።

በነገራችን ላይ በበዓሉ ቀን አንድ ሰው ምግባቸውን ትንሽ ከፍ አድርጎላቸው ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ ምርመራው ቀጥሏል።

አባባ እንደሆነ ተስፋ ቆርጧል። ከረባት የሚያስረው ሰውዬ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ኩሬውን ተከራይቶ ከዳር እስከ ዳር በፀሐይ መብራት ሰሌዳ ሊሸፍነው ነው። በፌብሩዋሪ ከሚገባው ከጨረቃው አዲስ ዓመት በፊት ካልተዋዋልን ወደ ጎረቤታችን ይሄዳል። አባባም እንዲህ ይላል፦

«መስታወት አይራብም፣ አይበርደውም፣ አይጠቁርም።»

«አይበላምም አባባ» አልኩት።

«አንተም አትበላም፤ ግን ይኸው እየቀለብኩህ ነው።»

ኩሬው በስምዎ ስለሆነ ስምዎ የተቀረጸበት ማኅተም ካላረፈበት ውሉ የዓሣ መጠቅለያ ነው። አባባ ማኅተሙን እንዲልኩለት እየጻፈልዎ ነው። ውሉ ካለቀ እኔን ጋንግሻን ብሎን ፋብሪካ ሊያስገባኝ አስቧል። ብሎን ስቆጥር ይታየኛል! አንድ ብሎን፣ ሁለት ብሎን፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ሲመችዎ የብራዚልን ቢጫ ማልያ ይላኩልኝ። ትልቁን ቁጥር። ሆዴ አድጓል።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ
ላይ ዩን-ቦ


ጂያዶንግ
ዲሴምበር 30

አክስቴ፣

ማልያውን ይተዉት።

ነፋሱ አልቆመም። ትልልቆቹ ከታች በጎናቸው ተኝተዋል። ነካ ሳደርጋቸው አይሸሹም። ሆዳቸውን ስዳስስ ጠንካራ ነው፤ የበሉት እዚያው ቆሟል። አንዱ እጄ ላይ ሞተ።

አባባ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። አይቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ላድርግ? መልስዎ እስኪደርስ ነገሩ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። የምጠይቀው ሌላ ሰው ግን የለኝም።

ዩን-ቦ


ሳኦ ፓውሎ
ጃንዋሪ 14

አፉ ለማያርፈው ለወንድሜ ልጅ ለዩን-ቦ፣

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ምላስህን ያሳጥረው። ለሰላምታህ ምስጋናዬ ይድረስህ። እዚህ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ እኔ ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ ስለ ብርድ አነባለሁ።

የዲሴምበር 26 ደብዳቤህ ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ጮህኩ። ልጄ ሰውነቷ ላይ ሳሙና እንዳለ ከመታጠቢያ ቤት ሮጣ ወጣች። የታችኛዋ ጎረቤቴ ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ አንድ ድስት ባቄላ ይዛ መጣችና አቅፋኝ አለቀሰች። ገጹን የገለበጥኩት ከዚያ በኋላ ነው! አሁን እኔ ለዚህች ደግ ሴት ምን ልበላት? «ዓሣ ጠቆረብኝ» ልበላት? «አጎቴ ነው የሞተው፤ ነፍሱን ይማረው» አልኳት። አጎቴ ከሞተ አርባ ዓመቱ ነው። ባቄላው ግን ይጣፍጥ ነበር።

አሁን ስማኝ። «አንድ ሰው» ያልከውን ሰው አውቄዋለሁ። ምርመራው ይዘጋ።

ዓሣ እንደ እኔና እንደ አንተ የራሱ ሙቀት የለውም። ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲበርድ ይበርዳል። ሆዱ ምድጃ ነው። ውሃው ሲበርድ ምድጃው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በላዩ የተጣደው ምን ይሆናል? አይበስል፣ አይወጣ፤ እዚያው ይሻግታል። ባዶ ሆዱን የበረደው ዓሣ ይፈዛል እንጂ አፉን ከፍቶ አይቀመጥም። ጠግቦ የበረደው ነው እንዲያ የሚሆነው። አንተ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ገጽ «አፋቸውን ከፍተው» ብለህ ራስህን አሳጣህ።

የድቡልቡሉ ቀን ዓመቱን ሙሉ ያገለገለን ሁሉ ይቅመስ ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ አልክድም። በሩ ላይ የሩዝ ድቡልቡል እንለጥፋለን፣ ማረሻው ላይ እንለጥፋለን፤ እኔ ውሃውን የሚያናፍሰው መዘውር ላይ ሳይቀር እለጥፍ ነበር። መዘውር ግን ሆድ የለውም አንተ ልጅ! የቀመሰውን በማግስቱ አይጥ ትወስድለታለች። ዓሣን በብርድ ዋዜማ «በዓል ነው፣ ድገም» ብሎ የሚያጎርስ ከአንተ በቀር ማን አለ?

አሁን የምልህን አድርግ። አፋቸውን ቢከፍቱልህም አታጉርሳቸው። በመረብ አታተራምሳቸው። የሰሜኑን ነፋስ ጋርድላቸው። መዘውሮቹንም ቀንስ፤ ብርዱን አየር እየመቱ ወደ ውሃው ያስገቡታል። የጉድጓድ ውሃ ሞቃት ነው ብለህ ደግሞ እንዳትለቅባቸው፤ የኩሬው የባሕር ውሃ ነው፣ የጉድጓዱ ግን ጨው የለውም። የእኔ ዓሦች ጨው በድንገት ሲሳሳ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። የአንተ በቅሎዎች ምን እንደሚሆኑ አላውቅም፤ አባትህ ማነው ቢሏቸው «ነብር አጎቴ ነው» የሚሉ ናቸው።

ስለ ማኅተሙ አባትህ ጽፎልኛል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ደክሞታል፤ አልፈርድበትም። አንተ ግን ኩሬውን ትፈልገው እንደሆን አንዲት መስመር አልጻፍክልኝም። ሁሉን ነገር ቀልድ ውስጥ ትቀብረዋለህ፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ቆፍሬ ማውጣት አልችልም። የእኔና የባሌ ጀርባ የጎበጠበትን ኩሬ ለቀልድ ልተወው?

አስብበት።

አክስትህ
ቺው-ሊያን


ሳኦ ፓውሎ
ጃንዋሪ 19

ዩን-ቦ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ቀልድ ፈለግኩበት፤ ወረቀቱን ገልብጬም አየሁ። የለም።

በፊተኛው ጮኼ ነበር፤ በዚህኛው ግን ድምፄ ጠፋ። ልጄ «ደግሞ ማን ጠቆረ?» ብላ ስትስቅ ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ እሷም ሳቋን አቋርጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይህን በምታነብበት ጊዜ ወይ ድነዋል ወይ አልቀዋል። ያም ሆነ ይህ እኔ ወስኛለሁ። አባትህ የሚጠብቀውን ሳጥን ዛሬ በእሱ ስም በፖስታ ልኬለታለሁ። ሲከፈት ሁለታችሁም አብራችሁ ሁኑ።

ጤና ሁን። ጃኬት ልበስ።

አክስትህ


ጂያዶንግ
ፌብሩዋሪ 4

ለተከበሩት፣ ለአጎታቸው ለቅሶ በአርባ ዓመቱ ለተቀመጡት አክስቴ፣

ሐዘንዎን እንደ ሐዘኔ እቆጥረዋለሁ። እንኳን ባቄላ አገኙ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱ። ቶሎ ልንገርዎ፤ ድነዋል! ሁሉም ማለት ይቻላል። የሞቱት ደርዘን አይሞሉም፤ ውሻው በእያንዳንዱ ላይ ጮኾ ቀብሯል።

እንዴት እንደዳኑ ልንገርዎ፤ የምክርዎን ግማሽ ሳልሰማው ፈጽሜዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ሳልሰማው ጥሼዋለሁ።

ነፋሱን መጋረድ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ሸራ ግን አልነበረኝም። የድግስ አብሳይዋ የእትዬ ሱ-ዪንግ መጋዘን ደግሞ በሩ ክፍት ነበር። ቀይና ሰማያዊ ሰንተረር ያለውን ትልቁን የሠርግ ድንኳን ያውቁታል? ተበደርኩት። ለባለቤቷ መንገር ብቻ ነው የቀረኝ። በሰሜኑ ግድብ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩት፤ ኩሬው ሊሞሸር መሰለ። ያን ቀን የሚታኘከውን ፍሬ የሚሸጠው ነጋዴ ልጁን እየዳረ ነበር ለካ። እኩለ ቀን ላይ እትዬ ሱ-ዪንግ ጭልፋዋን እንደያዘች በሞተር ደረሰች።

«አንተ ሌባ! ድንኳኔስ?»

«ይኸው ቆሟል እትዬ፤ እኔም ቆሜያለሁ፤ ማናችንም አልሸሸንም።»

«ሙሽሪት ሜዳ ላይ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው!»

«እነዚህም እንደሷው ናቸው። እሷስ ባል አግኝታለች።»

ጭልፋው ተነሣ። ጎንበስ ብዬ ሳመልጥ ከኋላዬ ያለውን ውሃ አየች። ጭልፋውን አወረደች።

«እነዚህ ናቸው ለአዲሱ ዓመት ድግስ የያዝኳቸው?»

«ነበሩ።»

ግድቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። «ከሰል መሰሉ እኮ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ድንኳኑ ይቆይ። ሙሽሪትን በዝንጅብል ሾርባ አሞቃታለሁ። አንተ ግን ሠርጉ ሲያልቅ መጥተህ ሳህን ታጥባለህ።» አጠብኩ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ብዛት ባለው ሳህን ይበላል ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን የጣስኩትን ልናገር። የጉድጓድ ውሃ ለቅቄባቸዋለሁ። የውሃ መሳቢያው ሞተር አርጅቶ ስለሚያስል የወጣው እንደ ሕፃን ሽንት ቀጭን ነበር፤ ይኸው ነው መሰለኝ ያዳነን። ጨው በድንገት አልሳሳም። አንድ ሁለቱ መጡና የቱቦው አፍ ላይ ቆሙ። ቀጥሎ ሌሎቹ እየተጎተቱ መጡ፤ ምድጃ እንደከበቡ ሽማግሌዎች ተጠጋግተው ተቀመጡ። ራሳቸውን አልሳቱም። ጨው ሲሳሳ የሚችሉት በአባታቸው ወጥተው ነው ይላሉ፤ ዘንዶው የወንዝ አፍ ድረስ ይገባል አሉ። በቅሎ ያሏቸው ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አለማጉረስ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። እኔ ምንም ሳልሠራ መቀመጥ የምችል ሰው ይመስልዎታል? እጄን ከጉልበቴ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። አባባ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና ሌላ በርጩማ ይዞ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድም አልቀለድኩም፤ ይህን ይመዝግቡልኝ።

ነፋሱ ሲቆም ፀሐይ ወጣች። ሆዳቸው ላላ። ውሃው ሸተተ፤ አክስቴ፣ በመጥፎ ሽታ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም! ከዚያ ከጀርባቸው ጀምሮ ጥቁሩ እየገረጣ ቢጫው ተመለሰ፣ ዝንጉርጉሩ ተመለሰ። አንዱ ጣቴን ነከሰኝ። ደም ወጣ። አባባን ጠርቼ ደሙን አሳየሁት፤ እንደ ሽልማት።

አሁን ያለ ቀልድ ልጻፍ፤ «አስብበት» ብለውኛልና። ኩሬውን እፈልገዋለሁ። ለመኖሪያዬ፣ ለሥራዬ፣ ለዘለቄታው እፈልገዋለሁ። ይኼን መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሳጥኑ ገና አልደረሰም። የፖስተኛው ሞተር በተሰማ ቁጥር አባባ ይነሣል፣ እኔ እቀመጣለሁ። ውሻው ፖስተኛውን እንዲነክስልኝ የሥጋ ጉቦ ሰጥቼው ነበር፤ ሥጋውን በላና የፖስተኛውን እጅ ላሰ።

የወሰኑትን ወስነዋል። ቢሆንም ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ዩን-ቦ


ጂያዶንግ
ፌብሩዋሪ 14

ለአክስቴ፣ ለአታላዮች ሁሉ እናት፣

ዕድሜዎ እንደ ተንኮልዎ ይርዘም!

ሳጥኑ ትናንት ደረሰ። ባለ ከረባቱ ሰውዬም፣ ሳጥኑ የሸተተው ይመስል፣ አብሮት ደረሰ። አባባ እጁን ታጠበ። ቀዩን ቀለም አወጣ። ውሉን በመዳፉ ደጋግሞ ዘረጋው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ብሎን መቁጠር ጀምሬያለሁ፤ አንድ ብሎን፣ ሁለት ብሎን።

ሳጥኑ ተከፈተ። መጀመሪያ ቢጫ ጨርቅ ወጣ። አባባ ጨርቁን ሳያይ ከውስጡ ማኅተሙን አወጣ። «ትልቅ ነው» አለ፤ ግን ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘውን ነገር ማን ይመረምራል? እፍ አለበት፣ ቀለም አስነካው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ውሉ ላይ ተጫነው።

ከረባቱ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«ይሄ... የእህትዎ ስም ነው?»

አባባ አነበበ። የባልዎ፣ የነፍሰ ኄሩ፣ የዓሣ ሳጥን ማኅተም ነው! «በሕይወት ያለ። በጥንቃቄ ይያዝ።» ውሉ ላይ፣ በቀይ፣ ልቅም ብሎ።

አባባ ማኅተሙን ገልብጦ አየው። ከዚያ፣

«ስሟ አይደለም» አለ፤ «ጠባይዋ ነው።»

ሳቀ አክስቴ! አባባ ሳቀ! ወንበሩ ተንቋቋ። ከረባቱ መሳቅ እንዳለበትና እንደሌለበት ስላላወቀ ሻይ ጠጣ። ከሳጥኑ ውስጥ ያገኛትን ቁራጭ ወረቀትዎንም አባባ ጮክ ብሎ አነበባት፦ «ዓሣ ቢያልቅ ፍልፍሉ ከማስፈልፈያ ይገዛል። ለዓሣ ብሎ ቀልዱን የሚረሳ ጠባቂ ግን ከየትም አይገዛም። መስታወቱን ጣሪያችሁ ላይ ስቀሉት፤ ጣሪያው ቀድሞም ያፈሳል።» ከረባቱ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፤ ዛሬ ሲለካ ነው የዋለው።

እርስዎ እኮ የዓሦቹን መዳን ሳያውቁ ነው የወሰኑት። እሱን እያሰብኩ ማኅተሙን በእጅጌዬ ወለወልኩት። ከዚያ ቢጫውን ጨርቅ ዘርግቼ አየሁት፤ ማልያው ነው። «ይተዉት» ብዬዎት ነበር። ጀርባው ላይ ምን እንዳሳተሙ ደግሞ መንደሩ ሁሉ አንብቦታል። «በቅሎ» ተብዬ ነው ገበያ የምወጣው። ልኩ ነው፤ ሆዴ ላይ ጠበብ ይላል።

እትዬ ሱ-ዪንግ ለአዲሱ ዓመት የያዘቻቸውን ዓሦች ወሰደች፤ አንድ በአንድ ቀለማቸውን አይታ። ድንኳኗም ተመለሰ። የሚቀጥለው ሰሜን ነፋስ ሳይመጣ የራሴን ሸራ እገዛለሁ፤ ለበዓሉም ድቡልቡል በሩ ላይና መዘውሩ ላይ ብቻ ይለጠፋል።

ለዚያች ባቄላ ላመጣችልዎ ሴት ግን እውነቱን ይንገሯት፤ ሲነግሯትም አያጋንኑት። እኔም የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ ብጽፈው ኖሮ በጣም አሳጥረው ነበር። ነገሩ ሲጨመቅ ይኼው ነው፦ ዓሣው በዓል ነው ተብሎ አብዝቶ በላ፣ በረደው፣ ሆዱን ነፋው፣ ተሻለው። አባባን በየበዓሉ ያገኘዋል፤ ለእሱ ግን ማንም እስከ ብራዚል ጽፎ አያውቅም።

በቅሎው
ዩን-ቦ